ከመቶ ሴንቲ በፊት

ሰኞ፣ አሥር ሳምንት ሲቀር

ስልሳ ሁለት ሴንቲ። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይገባ ቀድሜ ስፌት ቤት ደርሼ ስፒሌን ከስልሳ ነቅዬ ስልሳ ሁለት ላይ ተከልኳት። ሁለት ሴንቲ ምን ያህል እንደሆነ ልብስ የሰፋ ሰው ያውቀዋል። ወገብ ላይ ሁለት ሴንቲ ማለት በሚገባ ቀሚስና በማይገባ ቀሚስ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ዓመቱ ሊያልቅ አሥር ሳምንት ስለቀረውና ደስታዬን የማወራለት ሰው ስላጣሁ ነው። ሕጋችን አያስወራም። ሕጉን አምና ያወጡት ቆራጩ ጋሼ ናቸው። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ግድግዳው ላይ አራት የልብስ መለኪያ ሜትሮች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የጋሼ፣ የእኔ፣ ካውያ የምንለው የልብስ ተኳሻችን፣ ሳቂታዋ የምንላት የቁልፍ ተካያችን። ከመቶ በላይ ያለው ተጠቅልሎ ታስሯል። እያንዳንዳችን በዓመት እናጠራቅማለን ያልነውን ገንዘብ በየራሳችን ለመቶ እንከፍለዋለን፤ አንዱ ሴንቲ አንዱ ድርሻ ነው። ባንክ ያስገባ ሰው ስፒሉን ወደ ላይ ያወጣል። መቶው ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ አይጠየቅም። የገንዘቡ መጠን ከአፉ ያመለጠው ለሁሉም ሻይ ይገዛል። ሳቂታዋ ዘንድሮ ስድስት ጊዜ ገዝታለች።

እዚህ ግን ልጻፈው፤ ደብተር ሻይ አይጠጣም። የእኔ መቶ ማለት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ፣ አንድ የልጅ አልጋ፣ አንድ የማጥኛ ጠረጴዛ። ሚጣዬ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጥቶ የውሃ ሽታ ከሆነ ጀምሮ የምታድገው እህቴ ጋ ነው፣ በአውቶቡስ የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ። ስትሄድ ሁለት ዓመቷ ነበር። አዲሱ ዓመት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን እዚህ፣ ከእኔ ጋር ትጀምራለች። እስካሁን ከእህቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር በደስታ አለቅሳለሁ።

ረቡዕ

የዩኒፎርም ትዕዛዝ ገባ። ዘጠኝ መቶ ሙሉ ልብስ። ሰማያዊ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ። ትርፍ ሰዓት አለ ተባለ። ጋሼ "ባቡር፣ ነዳጅሽን ሙይ" አሉኝ። ባቡር የሚሉኝ መኪናዬን አንዴ ከረገጥኩ ስለማልቆም ነው። በሆዴ የትርፍ ሰዓቱን እያሰላሁ ኮሌታውን ገልብጬ ሰፋሁት። ፈትቼ እንደገና።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሳምንት ሲቀር

ስፒሌ ስልሳ ስምንት ላይ ናት። ባንክ ያለው ስልሳ አራት ነው። አራቱ የትርፍ ሰዓቱ ነው፤ ሠርቼዋለሁ፣ ያልሆነው ነገር መከፈሉ ብቻ ነው። ልብስ ስንቆርጥ ለስፌት ትርፍ እንተው የለ? ያንን ማንም ውሸት አይለውም። ሳቂታዋ ግድግዳውን አይታ "አንቺ ሴትዮ፣ ባንክ ዘረፍሽ እንዴ?" አለችኝ። ካውያ አፏጨ። ቀኑን ሙሉ ክንፍ አውጥቼ ዋልኩ።

እህቴ ደወለች። ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። "ምዝገባ ሊጀመር ነው። እዚህ ላስመዝግባት ወይስ ትወስጃታለሽ?" አለች።

"መቶው ሳይሞላ ምን ልበልሽ እትዬ" አልኳት።

"ይሁን እሺ። እዚሁ አጠገቤ ናት፣ ላገናኝሽ?"

ሱቅ ሊዘጋብኝ ስለነበር ቸኩዬ ዘጋሁ። ሌላ ቀን ተረጋግተን እናወራለን።

ማክሰኞ፣ ስምንት ሳምንት ሲቀር

ቤቱን አየሁት። በምሳ ሰዓት እግሬ አውጪኝ ብዬ ሄጄ፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ። ሁለተኛው ክፍል አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ያስገባል። ግድግዳውን ለካሁት። አልጋው እዚህ፣ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር። አከራይዋ በር ላይ ቆማ እጆቿን አጣምራ ታየኛለች።

"ስንት ናችሁ?" አለችኝ።

"ሁለት" አልኩ። ሁለት ማለት እንዴት ደስ ይላል። ሳልጠየቅም ደግሜ አልኩት።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ለመጣ ሰው እሰጠዋለሁ አለች። ስመለስ የመጋረጃ ጨርቅ ገዛሁ። ቢጫ። አንድ ሴንቲ ተኩል በላ። ስፒሏን ላወርዳት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ሳቂታዋ ስታየኝ አቧራዋን ጠርጌ ተውኳት። ቅዳሜ ይካካሳል።

ቅዳሜ፣ ሰባት ሳምንት ሲቀር

ትርፍ ሰዓቱ የሚከፈለው ትዕዛዙ ሲያልቅ ነው አለች አሠሪያችን። ስፒሌ ባለችበት ብትቆም ደግሞ ይታወቃል፤ ሁሉም ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ሆኗል። ሰባ አራት ላይ አደረግኳት። ባንክ ስልሳ ስድስት ነው። እዚህ መጻፌ ጥሩ ነው፣ እንዳላምታታ።

ጋሼ ሰባ አንድ ነበሩ። የእኔን አይተው መቀሳቸውን አነሱ። ከሰዓት በኋላ የእሳቸው ሰባ ሦስት ሆኖ አገኘሁት። ቤቱ ጦፏል። እንዲህ ያለ ዓመት አይቼ አላውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የምሄደው እየሮጥኩ ነው።

ሐሙስ፣ ስድስት ሳምንት ሲቀር

አራት መቶ ሃያ ጉርድ አልቋል። ጀርባዬ ተገንጥሏል። ካውያ የካውያውን ቁጥር ለማንበብ አፍንጫውን ሊያስነካው ምንም አይቀረውም።

"ምን ታሸታለህ?" አልኩት።

"ሙቀቱን።"

"መነጽር ግዛ እንጂ ሰውዬ።"

"ዓመቱ ይለቅ። አሁን መነጽር ብገዛ የማየው የራሴን ስፒል ወደ ታች ስትወርድ ነው።"

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ።

ሰኞ፣ አምስት ሳምንት ሲቀር

ዛሬ ራሴ ደወልኩ። ያነሳችው ሚጣ ናት። "ሃሎ፣ ማን ልበል?" አለችኝ እንደ ትልቅ ሰው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እማዬ ገበያ ሄዳለች። ስትመጣ ደውዪ።"

እማዬ ያለችው እትዬን ነው። ልጅ አይደለች፣ አፏ የለመደውን ነው የምትለው። ምንም አልመሰለኝም። ምን ልግዛልሽ አልኳት፤ ምንም አለች። ጨዋ ልጅ ናት። ልጅ ሁሉ ግዙልኝ ብሎ በሚያለቅስበት ዘመን ምንም የሚል ልጅ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ዛሬ ሰባ ሁለት ጉርድ ሰፋሁ። በአንድ ቀን እንዲህ ሰፍቼ አላውቅም። ሁሉም የሰባት ዓመት ልጅ ልክ። ሳቂታዋ ውሃ አምጥታ "እህቴ፣ የሚያባርርሽ አለ እንዴ?" አለችኝ።

ዓርብ፣ አራት ሳምንት ሲቀር

ሰማንያ ላይ ደረስኩ። ግድግዳው ላይ ማለቴ ነው። ባንክ ሰባ አንድ።

ልጽፍ የነበረው ሌላ ነው። ጠዋት የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ካውያ ሙቀቱን ለጥጥ ልብስ በሚሆነው ቁጥር ላይ አድርጎት ኖሮ ሦስት ጉርድ እንደ ላስቲክ ቀለጠ። አሠሪያችን አልጮኸችም። ዋጋውን ከደመወዙ እንደምትቆርጥ ብቻ ነግራው ወጣች። እሱም ቀለደ፤ "ለአይጥ ቀሚስ ይሆናል" አለ።

ከሰዓት ግን ክር ላመጣ ወደ ጓዳ ስገባ፣ ከጨርቁ ጥቅል ወዲያ ማዶ ከጋሼ ጋር ሲያወራ ሰማሁት። ጆሮዬን ጣልኩ፤ መጣል አልነበረብኝም።

"የመነጽሩን ገንዘብ እኮ ይዤው ነበር" ይላል ካውያ። "ጨምሬ ባንክ አስገባሁት።"

"ምን ነካህ?" አሉት ጋሼ።

"ባቡሯ ከእኔ ያነሰ ደመወዝ ይዛ፣ ብቻዋን እየኖረች፣ ሰማንያ ገባች። እኔ ሚስት አለችኝ፣ እሷም ትሠራለች፣ ታዲያ ለመነጽር ብዬ ልመለስ? አፈርኩ ጋሼ።"

ክሩን ሳልይዝ ተመለስኩ። ምን ክር እንደፈለግኩ ጠፋኝ። እግዜር ይይልኝ ልል ነበር፤ ማንን? ሁሉንም ያደረግኩት እኔ ራሴ ነኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ሴንቲ የሌለ ገንዘብ ሰቅዬ፣ ሰውዬው በዚያ ምክንያት ማየት ተሳነው።

ቅዳሜ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀር

ሳይመጡ አስተካክዬው ብቀመጥስ ብዬ ቀድሜ ገባሁ። እጄ ስፒሏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ማንም ሳያየኝ ያወጣሁትን ማንም ሳያየኝ ላውርደው? ለሻይ እስኪቀመጡ ጠበቅኩ።

ተነሳሁ፤ ነቀልኳት፤ ሰባ አንድ ላይ ተከልኳት። "ዘጠኙ ውሸት ነው" አልኩ። "ያልተከፈለኝን የትርፍ ሰዓት ቀድሜ ለክቼው ነው። መጋረጃም ገዝቼበታለሁ።" ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ካውያ ዳቦውን ማኘክ አቆመ።

ሳቂታዋ ትን እስኪላት ትስቅ ጀመር። ተነስታ የራሷን ስፒል ነቀለች፤ አራት ሴንቲ አወረደቻት። "አንቺን ልደርስብሽ ብዬ ነው" አለች እንባዋን እየጠረገች። ዞር ስንል ጋሼ እየተንጠራሩ ናቸው። ሕጉን ያወጡት ጋሼ። ሁለት ሴንቲ ተኩል። "ቆራጭ ነኝ፣ ግማሿን አልደብቅም" አሉ ፊታቸው ቀልቶ።

ሦስታችንም ካውያን አየነው። አልተነሳም። የእሱ ሰባ ስድስት እውነት ነበር። ሦስታችን በሌለን ገንዘብ ስንሯሯጥ ያሯሯጥነው እሱን ብቻ ነው፤ ከመሃላችን በእውነተኛ ገንዘብ የሮጠው እሱ ነበር።

ይቆጣል ብዬ ነበር። "እኔ እኮ እናንተን አይቼ ሚስቴ ገንዘብ የምትደብቀኝ መስሎኝ ነበር" አለ። ተሳሳቅን። እኔ ግን ማታ እስክገባ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ማክሰኞ

መነጽር ተገዛ። ሳቂታዋና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን ወሰድነው፣ እንዳያመልጠን። ስፒሉን ራሱ ስልሳ ስምንት ላይ አወረዳት። መነጽሩን አድርጎ ዎርክሾፑን ዞሮ ዞሮ አየና "ይሄ ሁሉ ክር መሬት ላይ ነበር ለካ" አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። "ባቡር፣ ሽበት አውጥተሻል።" ቀላል ሆነልኝ። የሆነ ነገር ከትከሻዬ ወረደ።

ረቡዕ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀር

ጋሼ ሕጉን ሻሩት። "ሚስጥሩ ነው ያባለገን። ለምን እንደምታጠራቅሙ ዛሬ ተናገሩ፤ ሻዩን እኔ እገዛለሁ" አሉ።

የእሳቸው ጥርስ ነው። የላይኛውን ረድፍ ሊያስተክሉ። ለዚህ ነው ለካ ዓመቱን ሙሉ አፋቸውን ይዘው የሚስቁት። የሳቂታዋ መንጃ ፈቃድ፤ ማንን እንደምትነዳ አልተናገረችም፣ ግን ቀላች። ካውያ ሚስቱን ባሕር ሊያሳያት ነው፤ ከተጋቡ ሃያ ዓመታቸው ነው፣ አንድም ቀን ውሃ ዳር ወስዷት አያውቅም። "ያለ መነጽር ሄደህ ቢሆን ምኑን ልታሳያት ነበር?" አለችው ሳቂታዋ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ልጄ አልኩ። ልጅ እንዳለኝ አያውቁም ነበር። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ስለ አረንጓዴው ክፍል፣ ስለ አልጋው፣ ስለ ጠረጴዛው ነገርኳቸው፤ ስናገር ልቤ እንደገና ዘለለ፤ ሁሉም ዓይናቸው በራ።

ጋሼ ወዲያው ተነስተው ከሰማያዊው ጨርቅ የተረፈውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "አሠሪያችንን እኔ አናግራለሁ። ይሄኛው ዩኒፎርም የእኛ ነው" አሉ። ጨርቅ የሚያሰምሩበትን ሳሙና ከጆሯቸው ላይ አነሱ። "በይ ልኳን ንገሪኝ። ቁመት ስንት?"

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትሬን ያዝኩ።

"ወገቧስ?"

"የሰባት ዓመት ልክ ይሆናታል" አልኩ።

"እሱማ የሠንጠረዡ ልክ ነው" አሉ ጋሼ። "የሷን ነው የጠየቅኩሽ።"

ዘጠኝ መቶ የማላውቃቸውን ልጆች ከአንገት እስከ ጉልበት አውቃለሁ። የራሴን ልጅ ቁመት አላውቅም። ደውዬ እጠይቃለሁ አልኩ። ካውያ በአዲሱ መነጽሩ አየኝ፤ "አትደውዪ። ሜትርሽን ይዘሽ ሂጂ" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

እሑድ

አውቶቡስ ውስጥ፣ ስመለስ። መንገዱ ስለሚያናውጥ ጽሑፌ ጠማማ ነው።

ከጠበቅኳት በላይ ረዝማለች። በር ላይ ስታየኝ እትዬ ጀርባ ገባች። ስጦታ አልያዝኩም ነበር፤ ሜትር ብቻ። ልለካሽ ስላት ግን ወጣች፣ እጆቿን ዘርግታ ቀጥ ብላ ቆመች። እንዲህ ቀጥ የሚል ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ቁመት መቶ ሃያ አንድ። ወገብ ሃምሳ ሁለት። ትከሻዋን ስለካ አንገቷ ላይ ትንሽ ጠባሳ አየሁ፤ መቼ እንደወጣባት አላውቅም።

"ለምንድን ነው?" አለችኝ።

"ዩኒፎርም ልሰፋልሽ።"

"የየት ትምህርት ቤት?"

"የእኛ ሰፈር" አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ቁጥሩን የምጽፍበት እርሳስ ከእጄ ወደቀ። ሚጣ አንስታ ሰጠችኝ።

እትዬ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። "አምና ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ ነበር የጎደለሽ። አልጋው ተገዛ፣ ከዚያ ክፍሉ ጠበበ። ዘንድሮ ሁለት ክፍል ሆነ። ለከርሞ ምን ልትዪኝ ነው?" አለችኝ። "ከብዳኝ አይደለም። ብትሄድ የምጎዳው እኔ ነኝ። አንቺ ግን ምን እየጠበቅሽ ነው?"

"ብትጠላኝስ?" አልኩ። ይህን ቃል በዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም።

እትዬ ሳቀችብኝ። እውነቴን ነው፣ ሳቀችብኝ። "ትጠላሽ ይሆናል። እኔንም ሁለት ወር ጠልታኝ ነበር፣ አንቺ ጥለሽ ስትሄጂ። ትነክሰኝ ነበር" አለች።

ስድስት ቀን ቀረ፤ ቅዳሜ እትዬ ይዛት ትመጣለች። እስከዚያ ክፍሌን አጸዳለሁ፣ ቢጫውን መጋረጃ እሰቅላለሁ፣ ያችን አንዲት ክፍል ለሁለት ሰው አመቻቻለሁ። የአረንጓዴውን ክፍል አከራይ ነገ ለሌላ ስጪው እላታለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ምን ያስቅሻል አሉኝ፤ እየሳቅኩ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ ዓመቱ ሲያልቅ

እየሮጥኩ ነው የምጽፈው፣ አውቶቡሱ በዘጠኝ ሰዓት ይገባል።

ትዕዛዙ አለቀ። ትርፍ ሰዓቱ ተከፈለ። ሁላችንም ስፒላችንን ለመጨረሻ ጊዜ ተከልን፣ በየተራ፣ ሁሉም እያየ። ሳቂታዋ ሰባ ዘጠኝ። ካውያ ሰማንያ ሦስት፤ ባሕሩ በሦስተኛ ደረጃ አውቶቡስ ቢሆንም ይታያል አለ። እኔ ሰማንያ ስድስት። ጋሼ ዘጠና ዘጠኝ ከግማሽ። ግማሿን እናዋጣልዎ ስንላቸው ተቆጡ፤ "አንድ ጥርስ ለከርሞ አስተርፋለሁ" ብለው አፋቸውን ሳይይዙ ሳቁ። መቶ የደረሰ የለም። እንደ አሸናፊ ግን አጨበጨብን፤ አሠሪያችን ምን ሆናችሁ ብላ ከቢሮዋ ወጣች።

ዩኒፎርሙን ጋሼ ቆረጡት፣ እኔ ሰፋሁት፣ ሳቂታዋ ቁልፉን ተከለች፣ ካውያ ተኮሰው። ሁለት ጊዜ ቁጥሩን አይቶ። ጠርዙ ላይ አራት ጣት ትርፍ ትተንበታል፣ ታድጋለች።

መሄድ አለብኝ።

ሰኞ፣ ጠዋት

እትዬ ትናንት ተመለሰች። አውቶቡሱ ሲነሳ ሚጣ አላለቀሰችም፤ እጄን አልያዘችም ግን አጠገቤ ቆመች። ቅዳሜ ገና ቤት ስንገባ ቦርሳዋን ይዛ ክፍሉን ዙሪያውን አየችና "ሌላው ክፍል የታለ?" አለችኝ። የለም አልኳት። አሰበችና "እሺ" አለች፣ ቦርሳዋን አልጋው ሥር አስቀመጠች።

ትናንት ማታ ለሁለት ራት በላን። ሁለት ጊዜ ጨመረች። ስለ ጓደኞቿ ነገረችኝ፤ አሥራ አንድ ስም ጠራችልኝ፣ ሰባቱን ይዣለሁ።

መብራት ስናጠፋ ግን ለቅሶው መጣ። "እማዬን እፈልጋለሁ" አለች። እህቴን ማለቷ ነው። አልሸሸሁም። አውቃለሁ አልኳት። ነገ እንደውልላታለን አልኳት። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። አቀፍኳት። ትነክሰኛለች ብዬ ነበር፤ አልነከሰችኝም፣ አልገፋችኝም።

አሁን ዩኒፎርሟን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ምዝገባው በሁለት ሰዓት ይከፈታል። "አንቺ፣ ትጽፊያለሽ እንዴ? እንሂድ እኮ" እያለችኝ ነው።